አይጥ ይሉኝታ የላትም

የአይጥ ፊት ማንበብ እችላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖርስ ምን ሊፈይድለት! እኔ ግን ሁለተኛ ዲግሪዬን አዲስ አበባ ስማር፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ወራት የፈጀሁት በዚሁ ነው። ነጫጭ አይጦች ነበሩን። ራስ ምታት የሚቀሰቅስ መድኃኒት እንወጋቸዋለን፤ ከዚያ ግማሾቹን ተራ መብራት፣ ግማሾቹን ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ መብራት በሚበራበት ሣጥን ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን። አረንጓዴ ብርሃን የማይግሬንን ሕመም ያስታግሥ እንደሆነ ለማወቅ ሌሎች የጀመሩትን ምርምር እኛ ለመማር ያህል እየደገምነው ነበር።

አይጥ "አመመኝ" አትልም። ሕመሟ የሚታወቀው በሁለት መንገድ ነው። በቀጭን ክር ከዓይኗ በላይ ግንባሯን ነካ ታደርጋታለህ፤ ካመማት ክሩ ገና ሳያርፍባት ጭንቅላቷን ታሸሻለች። ወይም ደግሞ ፊቷን ታያለህ፤ ዓይኗ ይጠባል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጉንጯ ይኮማተራል። አማካሪዬ "ፊቷን እይ! ክሩን ተወውና ፊቷን እይ!" እያለ ይጮህብኝ ነበር። ቁጡ ሰው ነው፤ ቁጣው ግን አስተምሮኛል። አረንጓዴው ሣጥን ውስጥ የዋሉት አይጦች ክሩን የተሻለ ሲታገሡት አየሁ፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። አማካሪዬ ነገሩ ሲያስደስተኝ አይቶ "ከአይጥ እስከ ሰው ረጅም መንገድ ነው፤ እንዳትሮጥ" አለኝ። ሥራው እንኳ ሳያልቅ መመረቂያዬ ደረሰ። አይጦቹን እንደ ደንቡ በገዛ እጄ ገደልኳቸውና ዲግሪዬን ይዤ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ።

ታላቅ እህት አለችኝ። እታለም ነው የምላት። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ዳዴ ስል ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ባል ስታገባ እንኳ እኔን አዝላ ነው የሄደችው ይባላል። ቡሬ አጠገብ ገጠር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በርበሬዋን ራሷ ታስተክላለች፣ ራሷ ታደርቃለች፣ ራሷ ትለቅማለች። በርበሬ ለቀማ ላይ እሷን የሚያህል በአካባቢው የለም፤ የነጣውን፣ የሻገተውን፣ ትል የነካውን ከሩቅ ታየዋለች። ነጋዴ የሌላውን ከረጢት ዘርግፎ ያያል፤ የእሷን ሳይፈታ ይጭናል። እኔን ያስተማረኝ ያ በርበሬ ነው።

ዓምና በርበሬው ሲደርስ ራሷን ያማት ጀመር። በቀኝ በኩል፣ ከቅንድቧ በላይ። "በመጥረቢያ እንደሚፈልጡኝ ነው" ትል ነበር። ያስመልሳታል፤ ብርሃን ያስጠላታል። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣት። አልሆነም። ጤና ጣቢያ ሄደች። "ማይግሬን ሳይሆን አይቀርም" ብለው ክኒን ሰጧት፤ ካልተሻላት ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንድትሄድም ነገሯት። ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ "ማይግሬን" የምትለዋን ቃል እንጂ ሌላውን የሰማሁት አይመስለኝም። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። መታመሟ አይደለም ደስ ያለኝ፤ በሽታዋ እኔ የማውቀው በሽታ መሆኑ ነው። አየ ሰው! ያን ሁሉ አይጥ በከንቱ አልጨረስኩም አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ሄጄ አመጣኋት። ፍኖተ ሰላም የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ለእሷ ለቀቅሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ፣ በላዩ ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንኩት፤ የቀን ብርሃን በቀዳዳ እንኳ እንዳይገባ። መብራቱን ያገኘሁት የባጃጅ ጌጣጌጥ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ወጣቶቹ ባጃጃቸው ጣሪያ ላይ የሚለጥፉት፣ እንደ ጥብጣብ የሚጠቀለል አረንጓዴ መብራት አለ፤ እሱን ገዛሁ። ባለሱቁ "መምህር፣ ደመወዙ አልበቃ ብሎ ሹፍርና ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። የከተማው መብራት ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚጠፋ ስለሆነ ከሶላር ባትሪ ጋር አገናኘሁት። በግድግዳው ዙሪያ ለጥፌ ሳበራው ጎረቤቶቼ ብቅ ብለው "ዲስኮ ቤት ሊከፍት ነው" አሉ። ይበሉ! የተማረና ያልተማረ አንድ አይደለም ብዬ በሬን ዘጋሁ።

በጠዋቱ ፈረቃ ስለማስተምር ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ምሳ ከበላን በኋላ እታለም እዚያ ክፍል ትገባና ለሁለት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጎትታ ትከናነባለች፤ ስትወጣም ብርሃን እያስጠላት አታወርደውም። እኔ ደጅ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። ስትወጣ "ከአሥር ስንት ያምሻል?" እላታለሁ። አሥር ማለት የማይቻል፣ ዜሮ ማለት ምንም ብዬ አስረድቻታለሁ። የምትለውን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ፊቷን እንዳላይ ነጠላው አለ፤ ደግሞስ ያሳደገችኝን ሴት ፊት ፊቷን እያየሁ እንዴት ልመርምራት? ነውር ነው። ቁጥሩ ይበቃኛል አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን "ስምንት" አለች። በሦስተኛው ቀን "ሰባት" አለች። ከዚያ ወዲያ መልስ ከመስጠቷ በፊት "ትናንትና ስንት ነበር ያልኩህ?" ትለኝ ጀመር።

"ስድስት።"

"እንግዲያው ዛሬ አምስት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

እየረሳችው ነው ብዬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ "በመብራቱ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ አያለሁ" አለችኝ። ማይግሬን እንዲህ ያሳያል፣ አትፍሪ ብዬ ስለ አንጎል፣ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ነርቭ ረጅም ትምህርት ሰጠኋት። ነጠላዋ ውስጥ ሆና እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና "ተባረክ፣ ይህን ሁሉ ማወቅህ" አለች። ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚያዳምጠኝ ተማሪ የለም።

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ማለትም እኔው አደረስኩት። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ደብተሬን ከፍቼ ቁጥሩ እንዴት እንደወረደ ለባልደረቦቼ አሳየሁ። አንዱ አማቱን ላምጣት ወይ አለኝ። ሌላው ጽፈህ አውጣው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ያን ሰሞን አማካሪዬ በየት በኩል መጥቶ ባየኝ እያልኩ እመኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደ ከተማ መጥተው ሊጠይቋት ጎራ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ እኔንም ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው። ጸሎት አድርሰው መስቀላቸውን ሲዘረጉላት እታለም ጎንበስ ብላ ሳመች፤ የሳመችው ግን እጅጌያቸውን ነው። እሳቸው መስቀሉን ቀስ አድርገው ወደ ከንፈሯ አመጡት። እኔ ቤቱ ስለጨለመ ነው አልኩ። ስሸኛቸው በር ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ይህቺ ሴት የታመመችው ዓይኗን እንዳይሆን" አሉኝ።

"አይደለም አባ፣ ራሷን ነው። ማይግሬን ይባላል። ደግሞ ተሽሏታል፤ ከስምንት ወደ ሦስት ወርዳለች።"

"ከስምንት ወደ ሦስት ማለት?"

አስረዳኋቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን እየነካኩ ሰሙኝ።

"ቁጥሩን የምትነግርህ እሷው ናት?"

"አዎ፣ ሌላ ማን ሊነግረኝ ነው?"

"ይህቺ እኮ ባሏን በቀበረች ማግስት እንዴት አደርሽ ብላት ‹ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ያለችኝ ሴት ናት" አሉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እሷ ትደብቃለች፣ አንተ ደግሞ እየጻፍክ ታግዛታለህ። ባሕር ዳር ውሰድና አሳያት።"

"እሺ አባ" አልኳቸው። እሺ ማለት እኛ አገር እምቢ ማለት ሲያሳፍር የሚባል ነው። ውስጤ ግን እርር ብሏል፤ እሳቸው ስለ ብርሃንና ስለ ነርቭ ምን ያውቃሉ? በማግስቱ ሁለቱን ሰዓት ሦስት አደረግሁት።

ቅዳሜ ዕለት እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ከገበያ ጥቂት በርበሬ ገዝቼ ሰጠኋት። ደጅ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅም ገባች። ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ቀና ብል መልካሙን በምትጥልበት በኩል የሻገተ በርበሬ አየሁ። አንድ ቢሆን ይሁን፤ ብዙ ነው። የምትለቅመውም እያየች ሳይሆን ፍሬ በፍሬ በጣቷ እየዳሰሰች ነው።

"እታለም፣ ዛሬስ ተሸነፍሽ!" ብዬ ልቀልድ ስል ነጠላዋ ከራሷ ወረደ። ከአንድ ወር በኋላ ፊቷን በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀኝ ዓይኗ ደም ለብሷል፤ መሐሉ ጉም እንደያዘው መስታወት ደብዝዟል። ዓይኗ ጠቧል። ጉንጯ ወደ ውስጥ ተኮማትሯል። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በክር ሳልነካ፣ ምንም ሳልጠይቅ፣ ከሣጥኑ ደጅ ሆኜ የማውቀው ፊት ነው።

ግራ ዓይኗን በመዳፌ ጋረድኩና ሦስት ጣቴን ዘረጋሁላት። "ስንት ነው?"

"ተው እንጂ፣ ሕፃን አደረግኸኝ እኮ።"

"ስንት ነው እታለም!" ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮሄባት አላውቅም ነበር።

መዳፌን ከዓይኗ ላይ አወረደችው። ከዚያ ቀስ ብላ "ስንት ብልህ ደስ ይልሃል?" አለችኝ።

ሰፌዱን ከጭኗ አነሳሁና ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከሁለተኛው ሳምንት አንስቶ ጉም ጉም ይላት እንደነበር፣ አሁን አሁን ጭራሽ እንደጨለመባት፣ ግራውም ማታ ማታ እንደሚጀማምራት ነገረችኝ። ራስሽንስ አልኳት።

"እሱማ አንድ ቀንም ተለይቶኝ አያውቅ። እዚያ ክፍል ስገባ ደግሞ ይብሳል፤ ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን?!"

"ያን ሁሉ ደክመህ? መስኮቱን ሸፍነህ፣ መብራቱን ለጥፈህ፣ በየቀኑ እየጻፍክ… ደስ ብሎህ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እንዴት ብዬ ላሳፍርህ?"

አይጥ ይሉኝታ የላትም። ካመማት ትሸሻለች፤ ተማሪው እንዲመረቅ ብላ፣ አማካሪው እንዳይቆጣው ብላ ክሩን አትታገሥም። ለዚህ ነው የምትታመነው። የእኔ እህት ግን ጎጃሜ ናት፤ የደከመላትን ሰው "ድካምህ ከንቱ ነው" ከምትል ዓይኗ ቢፈስ ትመርጣለች። ይህን ፈረንጅ ተመራማሪ ባያውቀው አይፈረድበትም። እኔ የዚያው አገር ልጅ አይደለሁም ወይ? ሰው ቤት በልተህ ጠግበህ፣ ዳግመኛ "ብላ" ስትባል ባለቤቱ እንዳይከፋው እያነቀህ የምትበላበት አገር ልጅ አይደለሁም? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲሉ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብሱንና ከረጢቱን ገነጠልኩት፣ መብራቱን ከግድግዳው ላይ ቦጭቄ ጣልኩት። ወዲያው ባሕር ዳር ልውሰዳት ብዬ መናኸሪያ ብሮጥ መናኸሪያው ጭር ብሏል። መንገድ ተዘግቷል አሉኝ። መቼ ይከፈታል ብል ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ሰሞን ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እኔም መስኮት ሸፍኜ በመብራቴና በቁጥሬ ተጠምጄ ስለነበር እስከዚያ ቀን ብዙም አላሳሰበኝም ነበር።

አምስት ቀን ጠበቅን። በከተማው ሆስፒታል ያገኘሁት ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶን "ይህ የዓይን ሐኪም ጉዳይ ነው፤ እዚህ የለንም፤ እንደምንም አድርሷት" አለ። ሥቃይዋን መደበቋን ከዚያ ወዲህ ተወችው፤ ወይም ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ታቃስታለች። ራሷን ከግድግዳው ጋር ታጋጫለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ተኩስ እየተሰማ፣ እሷ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ "ወይኔ እናቴ፣ ወይኔ እናቴ" ስትል ዋለች። እናት ሆና ያሳደገችኝ ሴት ናት እናቷን የምትጣራው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አምላኬ፣ ግራውን ተውላት፣ ግራውን ብቻ አልኩ። ሌላ የምለምነው አልነበረኝም።

በስድስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። በየፍተሻው ከሚኒባሱ "ውረዱ" እንባላለን፤ እታለም ትከሻዬን ይዛ ትወርዳለች፣ ትከሻዬን ይዛ ትወጣለች። መራዊ ላይ የሚፈትሸው ወታደር ዓይኗን አይቶ "እማማ ይቀመጡ" አላት። እሷም ሰው እንዳይጠብቃት አፍራ ወረደች።

ባሕር ዳር የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኗን በመሣሪያ ለረጅም ጊዜ አየው፣ ግፊቱን ለካ፣ እንደገና ለካ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ሳበ። ግላኮማ ነው አለ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ውኃ መውጫው ጠባብ ስለሆነ ተዘግቶ፣ ግፊቱ የእይታ ነርቯን እንደጎዳው በቀላል አማርኛ ነገረን። ብዙ ጊዜ ከማይግሬን ጋር ይምታታል አለ። ቀኙ ከእንግዲህ አይመለስም። ለግራው ደርሰናል፤ ዛሬውኑ በሌዘር መውጫ ይከፈትለታል። እታለም "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። እኔ ግራውን ለምኜ ግራው ተሰጥቶኝ እንኳ ማመስገን አቃተኝ።

ሐኪሙ ካርዱን አወጣና ይጠይቃት ጀመር።

"ሕመሙ መቼ መቼ ነው የሚብስብዎት?"

"ከምሳ በኋላ።"

"በዚያ ሰዓት የት ነው የሚሆኑት?"

"ቤት ነዋ። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ።"

ብዕሩን አቆመ። "ጨለማ ውስጥ? በየቀኑ?" ቀና ብሎ አያት። "እማማ፣ እንዲህ ያለ ዓይን የሚፈራው ጨለማን እኮ ነው። ጨለማ ውስጥ የዓይን ብሌን ይሰፋና መውጫውን ይደፍነዋል። ለስንት ጊዜ ተቀመጡ?"

"አንድ ወር ይሆነኛል።"

"እግዚኦ! ማን ነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?"

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ በእግዚአብሔር ፊት እምላለሁ፣ ከፍቻለሁ።

"ማንም" አለች እታለም። "ብርሃን ሲያስጠላኝ ጊዜ በገዛ እጄ ነው።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ እኔ ዞረ። ሸሚዜን፣ ኪሴ ላይ የተሰካውን ብዕር አየ። "አንተ ወንድማቸው ነህ? የተማርክ ሰው ትመስላለህ። ይህን እያየህ እንዴት ዝም ትላለህ?"

"እሷ የምትኖረው ገጠር ነው" አልኩት። "እኔ ፍኖተ ሰላም ነኝ።"

እታለም በደህናው ዓይኗ ወደ ድምፄ ዞረች። ለአፍታ አየችኝና ፊቷን ወደ ሐኪሙ መለሰች።

"አዎ፣ ሩቅ ነው ያለው" አለችው። "እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።"

ሐኪሙ ያንኑ ካርዷ ላይ ጻፈው።